መቶ ዘጠና አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት

ባለፈው ግንቦት ለዘመድ ሠርግ ደብረ ታቦር ሄጄ፣ የተሳፈርሁበት ባጃጅ ከድሮ ትምህርት ቤቴ አጥር ሥር ሲደርስ ጎማው ተነፈሰ። ሹፌሩ እየተራገመ ጎማ ሲቀይር እኔ ወርጄ ቆምሁ። አጥሩን ተደግፈው የተጣሉ አሮጌ ሰሌዳዎች ዝናብ መትቷቸዋል። በእኛ ጊዜ ሰሌዳ የሚጠቁረው ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ተፈልጦ፣ ጥቁር ዱቄቱ ከቅጠል ጭማቂ ጋር ተለውሶ ነበር። ያ ብረት ብረት፣ ቅጠል ቅጠል የሚል ሽታ ድንገት መጣብኝ። አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ ስድስተኛ ክፍል ገባ።

«እትዬ፣ ይግቡ እንጂ፣ ጨርሻለሁ» አለ ሹፌሩ።

«አንዴ ጠብቀኝ» አልሁት።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ሌባ ተብያለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ተናግሬ ልገላገል። ደግሞ በጓዳ በሹክሹክታ አይደለም፤ በሰልፍ ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማው ሥር፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ ነው። ዛሬም ድረስ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ነገር ግን የዚያን ዓመት ታሪክ የማወራው ለማልቀስ አይደለም፤ ያሸነፍሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከእማሆይ ነው። እማሆይ ወለተ ሐና የአባቴ አክስት ናቸው። ከጉና ተራራ ሥር ካለው አገራቸው ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው በዚያ ዓመት መስከረም ላይ በበቅሎ መጥተው እኛ ቤት አረፉ። ፊደል አንድም አይለዩም። ደርግ መሠረተ ትምህርት ያወጀበት ዘመን ስለሆነ ቀበሌው «መሃይም» ብሎ መዝግቧቸው፣ ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ሴቶች ጋር አዳራሽ ይቀመጣሉ። «እሰይ፣ በሰባ ዓመቴ ተማሪ ሆንሁ!» እያሉ ዱላቸውን ተመርኩዘው ሲሄዱ ሰፈሩን ያስቁታል።

አባታቸው ግን የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩ። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ሂሳብ ያስተምራሉ። እማሆይ ልጅ ሳሉ ለተማሪዎቹ ቆሎ የሚቆሉት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቱ ደግሞ ከትምህርቱ ቤት ግድግዳ ጀርባ ነው። ተማሪው ሲሳሳት ሰምተዋል፣ ሲገሠጽ ሰምተዋል፣ ሲታረም ሰምተዋል። «እነሱ ሰባት ዓመት ተቀምጠው ተማሩት፤ እኔ ቆሎ እየቆላሁ ተማርሁት፤ አንድም ቀን ግን አላሳረርሁም» ይላሉ። በዚህ በጣም ይኮሩ ነበር።

የእኔ ሥራ በዚያ በጋ ባቄላ መልቀም ነበር። አባቴ ከከተማው ዳር ላለችው ማሳ ለዘር የሚሆነውን፣ ነቀዝ ያልነካውን እለያለሁ። ጠዋት ጠዋት ከጉና የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ባቄላው ሰፌድ ላይ ሲወድቅ ቷ ቷ ይላል። እማሆይ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። አንድ ቀን አንድ እፍኝ አነሱና ከፊቴ ደፉት።

«ሰባት ሰባት እያልሽ አውጪ።»

አወጣሁ። «አሥራ አንድ ጊዜ ሰባት ሆነ» አልሁ በኩራት።

«እሱን ማን ጠየቀሽ? የቀረውን ንገሪኝ።»

ሦስት ፍሬ ቀርታለች። «ሦስት።»

«እሰይ የኔ ልጅ! የወጣውን እርሺው። የቀረው ነው ቁም ነገሩ።»

ነገሩ ገረመኝ። ትምህርት ቤት ስናካፍል የምንፈልገው ድርሻውን ነው፤ ቀሪዋን ጥግ ላይ በትንሹ እንወረውራታለን። ለእማሆይ ግን ዓለም ሁሉ የቆመችው በቀሪዋ ላይ ነው። ቀኑ ሰኞ መሆኑ፣ ጨረቃ መጉደሏ፣ ጾም መግባቱ፣ ሁሉም የሆነ ነገር ተካፍሎ የቀረ ነው። 

ቀጥሎ እጄን አስዘረጉኝ። «አውራ ጣት ሁለት አንጓ አላት፤ ሌሎቹ ሦስት ሦስት። ቁጠሪ።» አሥራ አራት። «ሁለቱን እጅ?» ሃያ ስምንት። «እሱ የፀሐይ ነው፤ በሃያ ስምንት ዓመት ትዞራለች። አሁን አንዱን እጅ ብቻ፣ ከነጥፍሩ።» አሥራ አራት አንጓ፣ አምስት ጥፍር፣ አሥራ ዘጠኝ። «እሱ የጨረቃ ነው። ሁለቱ ተጠባብቀው እንደገና አንድ ደጃፍ ላይ የሚገናኙት በአምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ነው፤ ዐቢይ ቀመር ይባላል።» እኔ ዐቢይ ቀመር የሚባል ትልቅ ሰውዬ ደጃፍ ላይ ቆሞ ፀሐይንና ጨረቃን የሚያስታርቅ መሰለኝ። ብዙ ጊዜ እንደዚያ መስሎኝ ኖሯል።

«ያ ሁሉ ስንት ቀን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

እማሆይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መቶ ዘጠና አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት» አሉ፣ አንድ በአንድ። «በሰባት ብታወጪው አንድ ፍሬ አይቀርም። በአሥራ ዘጠኝም ብታወጪው አይቀርም። አየሽ የእግዚአብሔርን ሥራ?»

እኔ እሳቸው ራሳቸው ቆጥረዋቸው መሰለኝ። አንዲት ሴት ቆሎ እየቆላች ይህን ሁሉ ቀን ቆጥራ! ከዚያም ቁጥሩ የሚያልቅበት ቀን ዓለም የሚያልቅ መስሎኝ፣ ለጥምቀት ቀሚስ ተገዝቶልኝ ስለነበር፣ «እማሆይ፣ ከጥምቀት በፊት ያልቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሲያልቅ እንደገና ከአንድ ይጀምራል አሉኝ፤ ሰኞ የነበረው ሰኞ፣ ሙሉ የነበረችው ጨረቃ ሙሉ ሆነው። አንድ ቀን እንኳ ቢተርፍ ግን ሰኞው ማክሰኞ ይሆናል፤ ፋሲካም እሑድ መዋሉ ይቀራል።

«ይኼን ሁሉ ባቄላ ከየት አምጥቼ ላውጣው?» አልሁ።

«በባቄላማ ታረጂያለሽ» አሉና ዋናውን ዘዴ አስተማሩኝ። መቶ በሰባት ሲወጣ ሁለት ይተርፈዋል። ሺህ ደግሞ አንድ ይጎድለዋል፤ አንድ ሺህ አንድ ቢሆን በሰባት ሙሉ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ስንት ሺህ እንዳለ አይተሽ፣ ያን ያህል ከሺው በታች ካለው ታነሺያለሽ። ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ላይ መቶ ዘጠና አራት ሲነሳ መቶ አሥራ ዘጠኝ ይቀራል። መቶው ሁለት ይተርፈዋል፤ ሁለትና አሥራ ዘጠኝ ሃያ አንድ። ሃያ አንድ ሦስት ጊዜ ሰባት ነው፤ አለቀ። እኔ መቶን ሀብታም፣ ሺህን ደሃ አድርጌ ያዝኋቸው። ሺህ ያን ያህል ትልቅ ሆኖ አንዲት ጎድላው መኖሩ ያሳዝነኝ ነበር።

በጥር ወር ባቄላው አለቀ፤ እኔ ግን አላቆምሁም። ያየሁትን ቁጥር ሁሉ በጣቶቼ አንጓ እየቆጠርሁ በሰባት አወጣለሁ። የመኪና ታርጋ አልቀረኝ፣ የቤት ቁጥር አልቀረኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ ምን ታጉተመትማለች?» ብላ ጠበል ልትወስደኝ ነበር።

የሂሳብ መምህራችን መምህር ግርማ ይባላሉ። ከሐረርጌ ተመድበው የመጡ ወጣት ናቸው፤ ብርዱን ስለማይችሉት ካፖርታቸውን እንደለበሱ ያስተምራሉ። ሲያካፍሉ ጮክ ብለው እየተናገሩ ነው የሚጽፉት፤ ዝም ብለው አንድ ቁጥር መጻፍ አይችሉም። ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ፤ አልዋሽም። የካቲት ላይ ፈተና ሰጡን። አሥር ትልልቅ ቁጥሮች፤ በሰባት ሲካፈሉ ቀሪያቸው ስንት ነው?

ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ሌላው ልጅ ገና ሁለተኛውን ሲያካፍል አሥሩንም ጽፌ፣ እጄን አጣጥፌ ቁጭ አልሁ። ወረቀቴ ላይ መልስ እንጂ አንድም ሥራ አልነበረም።

በነጋታው መምህር ግርማ ጠሩኝ። «አሥሩም ትክክል ነው። ሥራው የታለ?»

«በእጄ ነው የሠራሁት፣ መምህር።»

«ባለፈው ሳምንት የመምህራን ክፍል ጠራጊ ማን ነበረች?»

«እኔ።»

«መልሱ ያለው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር» አሉ። አልተቆጡም እኮ! አዘኑ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «በእጄ ነው» ብል ማን ይሰማኛል? ጣቴን አንስቼ ማሳየት ስጀምር ልጆቹ ሳቁ፤ ጣት የሚቆጥረው አንደኛ ክፍል ነው። ማክሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ስሜ ተጠራ። ባንቺአምላክ ፈንታ ፈተና ሰርቃለች፤ ውጤቷ ዜሮ ነው፤ ወላጅ እስክታመጣ ክፍል አትገባም። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ደብተራቸውን ከእኔ መደበቅ ጀመሩ። አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ እርሳሷን ከፊቴ አነሳች። እሱ ነው ያቃጠለኝ፣ እርሳሷ።

አባቴ እብናት ለሥራ ሄዷል፤ እናቴ አራስ ናት። ማንን ልውሰድ? እማሆይ ነገሩን ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«መሳቢያውን ነክተሻል?»

«አልነካሁም። በማርያም!»

«በማርያም አትማይ። ዱላዬን አምጪ።»

ከትምህርት መልስ፣ ስድስተኛ ክፍል ውስጥ፣ ዳይሬክተሩና መምህር ግርማ ተቀመጡ። የክፍሌ ልጆች መስኮቱ ላይ ተደራርበዋል። እማሆይ ቢጫ ቀሚሳቸውን ሰብስበው የልጅ አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ፤ መቁጠሪያቸውን ያዙ።

«ልጅቱ ካልሰረቀች እዚሁ ትሥራ» አሉ ዳይሬክተሩ። «ከሰረቀች ግን የዘንድሮ ትምህርቷ እዚህ ላይ ያበቃል።»

መምህር ግርማ ሰሌዳው ላይ 6,409 ጻፉ። ከአራት መቶ ዘጠኝ ስድስት አነሳሁ፤ መቶዎቹ ሁለት ሁለት ተረፋቸው። «አራት ይቀራል» አልሁ። መምህር ግርማ ጮክ ብለው አካፈሉ፤ አራት ቀረ። 41,250 ጻፉ። «ስድስት።» አካፈሉ፤ ስድስት። መስኮቱ ላይ ጉርምርምታ ተነሳ። 

«ይገርማል» አሉ መምህር ግርማ ቀስ ብለው። «በዕድል ግን ይሆናል። በስድስት አኃዝ እንሞክር።»

ይኼኔ እማሆይ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «መምህር፣ ከፈቀዱ አንዲቷን ቁጥር እኔ ልስጥ። መቶ ዘጠና አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት።»

ዳይሬክተሩ ቅንድባቸውን አነሱ። «እማሆይ፣ ይኼ የቤተ ክርስቲያን ነገር እንዳይሆን? እዚህ ትምህርት ቤት ነው።»

«ቁጥር ነው ልጄ። ቁጥር ደግሞ አይጾምም አይቀድስም።»

መስኮቱ ሁሉ ሳቀ። ዳይሬክተሩም ሳያስቡት ሳቁ። መምህር ግርማ ቁጥሩን ጻፉ፤ እኔም ጣቴን ሳላነሳ «ምንም አይቀርም» አልሁ። ይህንማ በእንቅልፌም አውቀው ነበር።

መምህር ግርማ ጠመኔያቸውን አነሱ። «አሥራ ዘጠኝ ለሰባት፣ ሁለት፤ ቀሪ አምስት። ሃምሳ አራት ለሰባት፣ ሰባት፤ ቀሪ አምስት። ሃምሳ ሦስት ለሰባት፣ ሰባት፤ ቀሪ ሦስት። ሠላሳ አንድ ለሰባት፣ አራት፤ ቀሪ ሦስት። ሠላሳ ሦስት ለሰባት፣ አራት፤ ቀሪ... አምስት።»

ዞረው አዩኝ። «አምስት ቀርቷል፣ ባንቺአምላክ።»

መስኮቱ ላይ አንዱ «በቃ፣ ተያዘች» ሲል ሰማሁት። አምስት ከቀረ የእማሆይ ነገር ሁሉ ውሸት ነው፤ ሰኞው ቅዳሜ ይሆናል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱም በዕድል ናቸው፤ እኔም ሌባ ነኝ። ወደ እማሆይ ዞርሁ። ይናገራሉ፣ ዱላቸውን ያነሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መሬት መሬት እያዩ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አፍረውብኛል አልሁ በልቤ። ጥለውኛል! እንደዚያን ዕለት በሰው ተቀይሜ አላውቅም።

«መልስሽን ትቀይሪያለሽ?» አሉ መምህር ግርማ።

እልህ ያዘኝ። ብቻዬን ከቀረሁማ ምን አባቱ! «አልቀይርም» አልሁ። «ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ላይ መቶ ዘጠና አራት ሲነሳ መቶ አሥራ ዘጠኝ ነው። እሱ ደግሞ አሥራ ሰባት ጊዜ ሰባት ነው። ምንም አይቀርም።»

«ታዲያ ሰሌዳው ነው የሚዋሸው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

ወደ ሰሌዳው ተጠጋሁ። የባትሪው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከላይ ጀምሬ በጣቴ እየተከተልሁ ወረድሁ። አሥራ ዘጠኝ፣ ደህና ነው። ሃምሳ አራት፣ ደህና ነው። ሃምሳ ሦስት... ሰባት ጊዜ ሰባት አርባ ዘጠኝ። ጣቴ እዚያው ቆመ።

«መምህር» አልሁ፣ «ከሃምሳ ሦስት አርባ ዘጠኝ ሲነሳ አራት ነው። እርስዎ ሦስት ነው ያሉት።»

መምህር ግርማ ቀረብ አሉ። አዩት። ካፖርታቸው ውስጥ አንገታቸው ሲቀላ አየሁ። ከዚያ ሦስቷን በመዳፋቸው ጠርገው አራት ጻፉና ቀጠሉ፤ በዚህ ጊዜ ድምፃቸው እንደ ልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። «አርባ አንድ ለሰባት፣ አምስት፤ ቀሪ ስድስት። ስድሳ ሦስት ለሰባት፣ ዘጠኝ፤ ቀሪ...»

«ምንም!» ብሎ መስኮቱ በሙሉ ጮኸ።

መምህር ግርማ ጠመኔውን አስቀምጠው እጄን ያዙ። «ከየት አመጣሽው ይኼን?» አሉኝ። ወደ እማሆይ ጠቆምሁ። የሐረርጌው መምህር ከቀበሌው መሃይም ፊት አጎንብሰው ቆሙና፣ «እማሆይ፣ የሺውን ነገር እስቲ ለእኔም ይንገሩኝ» አሉ። ዘዴው ሲነገራቸው በጉልበታቸው ላይ ወረቀት አድርገው ሰባትን ከመቶ አርባ ሦስት ጋር አባዙ፤ አንድ ሺህ አንድ መጣ። ወረቀቱን አጥፈው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

በነጋታው በሰልፍ ላይ ስሜ እንደገና ተጠራ። በዚያ ዘመን በሰልፍ ግራ እጃችንን ጨብጠን አንስተን መፈክር እንላለን። ያን ጠዋት መፈክሩ እንዳለቀ መምህር ግርማ ከፊት ወጡ። «እጃችሁን አታውርዱ» አሉ። «ባንቺአምላክ ፈንታ ምንም አልሰረቀችም። የበደልኋት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ሥራዋን ያላየሁት እጇ ላይ ስለነበረ ነው። አሁን ሁላችሁም ጭብጣችሁን ክፈቱ፤ እሷ ታሳያችኋለች።» ወጣሁ። ተማሪው ሁሉ፣ ከአንደኛ ክፍል ሕፃን እስከ ስምንተኛ ክፍል ጎረምሳ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከእኔ ጋር አንጓውን ቆጠረ። «ሃያ ስምንት!» ሲሉ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የነበሩት እርግቦች ተነሱ። ጓደኛዬ ከሰልፉ መሐል እርሳሷን ወደ ላይ አንስታ ታውለበልብ ነበር።

ከደጃፋችን የደረስሁት በሩጫ ነው። እማሆይ ፀሐይ ላይ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው፤ እልል አሉ፣ ሁለት ጊዜ ሳሙኝ። የትናንቱ ቅያሜዬ ግን አልወጣልኝም።

«እማሆይ፣ አምስት ቀረ ሲሉ ለምን ዝም አሉኝ? መሬት መሬት ያዩ ነበር እኮ!»

«ሃምሳ ሦስት ላይ ሲሳሳቱ ሰምቻለሁ» አሉ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። «ጮክ ብለው አይደል የሚሠሩት? እኔ በግድግዳ በኩል የተማርሁ ሰው ነኝ።»

«ሰምተው ነው ዝም ያሉት? ባላገኘውስ ኖሮ?»

«ባታገኚውማ ሞቼ ነበር! ልቤ በአፌ ልትወጣ ምን ቀራት። መቁጠሪያውን እየቆጠርሁ መሰለሽ? እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።» ፊቴን በሁለት መዳፋቸው ያዙት። «ግን እኔ ብናገር፣ አሮጊቷ ነገረቻት ይሉ ነበር። ስምሽን አንቺው ራስሽ እጠቢው ብዬ ምላሴን ነክሼ ጠበቅሁሽ። አጠብሽውም።»